ለእንግዳ የተቀዳ ዝናብ

ለማከብርሽና ሁልጊዜ ለምትናፍቂኝ እታለም ማናልሞሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ተሻለሽ ወይ? ጋሼ ወልደጻድቅስ ደህና ናቸው? የማህደር ትምህርትስ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዳያቀልጣችሁ እያሰብኩ ከዚህ ከሸኮ ገጠር በሐሳብ አራግብላችኋለሁ፤ ከዚህ በላይ አቅም የለኝም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችንም ከትንሽ ሳል በስተቀር ደህና ናት። ደህና ያልሰነበተው ሰማዩ ነው፤ እሱም ቢሆን አዲስ አበባ ሲጠየቅ ፍጹም ጤነኛ ነው ይባላል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አቻምና ዝናብ የሚለካው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢያችን ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ተክሎ፣ ዙሪያውን በሽቦ አጥሮ ሄደ። ቆርቆሮ ስልሽ እንዳትንቂው። በግቢያችን እንደ እሱ በክብር የታጠረ የለም፤ ጥጃዋ እንኳ ሜዳ ላይ ነው የምታድረው። ሥራው እንዲህ ነው፦ የዘነበው ውሃ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የቀበሌያችን አስተማሪ መምህር ከፈለኝ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ በመስታወት ብልቃጥ ይለካዋል፤ ልኩ ወደ ሚዛን ከተማ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እዚያ ያሉት ሊቃውንት የአገሩን ሁሉ ልክ ሰብስበው የት እንደዘነበ፣ የት እንደቀረ ለመንግሥት ይነግራሉ። መንግሥትም የእኛን ዝናብ ከእነሱ እንጂ ከእኛ አይሰማም። እኛማ ያየነው በዓይናችን ብቻ ነው።

ዘንድሮ የመጋቢት ዝናብ ቀረ። የቡናው አበባ እሳት እንደነካው ጠቁሮ ረገፈ። አባባ ካረፈ ወዲህ አሮጌውን ነቅለን በወንዙ በኩል የተከልነው አዲሱ ቡና፣ ያ ሁላችንም ተስፋ የጣልንበት፣ እንደቆመ ደረቀ።

በሚያዝያ ተቆጣጣሪዎች ከአዲስ አበባ ቆርቆሮውን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። እኔ ገበያ ሄጄ ነበር። እናታችን ግቢውን ጠርጋ፣ ጎደሬ ቀቅላ፣ ማር አቅርባ ስታበቃ ወደ አጥሩ ጎራ ብትል ቆርቆሮው ባዶ! ታውቂያታለሽ። እንግዳ ቤቷ መጥቶ ባዶ ዕቃ ከሚያይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው ለመጡ ሰዎች ደረቅ ቆርቆሮ? ከምንጭ የቀዳችውን ውሃ አንስታ ሞላችላቸው።

እንግዶቹ ለኩ። ደግመው ለኩ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ግን መሬት እዩ ብሎ የላካቸው የለም። ትልቁ ሰውዬ፣ ይህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚጥል ዝናብ ነው፣ በሳይንስ የታወቀ ነው አሉ። መምህር ከፈለኝ፣ ትናንት እኮ ጠብታም አልነበረበትም ብሎ ቢንተባተብ፣ ተኝተህ ይሆናላ አሉት። ማሩን በልተው ሲያበቁ፣ እማማ፣ ወደፊትም እንዲሁ ይጠብቁልን ብለው አመስግነው ሄዱ። ከገበያ ስመለስ እናታችን ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። አላሳፈርኩህም ልጄ፣ ሁሉም ጠግበው ነው የሄዱት አለችኝ። ቆርቆሮውም ጠግቦ እንደነበር ስትጨምርልኝ ግን ያነሣሁትን ጎደሬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ጥቂት ቆይቶ ዝናብ ለቀረባቸው ቀበሌዎች ምትክ የቡና ችግኝ ሊታደል ነው ተባለ። ዝናብ መቅረቱን የሚመሰክረው ደግሞ ያው መሥሪያ ቤት ነው። ምስክርነቱ ሲመጣ የእኛ ቀበሌ በዚህ ዙሪያ ካሉት ሁሉ የረጠበች ሆና ተገኘች።

አንዱን የደረቀ ቡና ነቅዬ ከመምህር ከፈለኝ ጋር ሚዛን ሄድኩ። ችግኝ የሚያድለው ሰውዬ ቡናውን አገላብጦ አየና ከልቡ አዘነ። ወንድሜ፣ መድረቁንስ አይቻለሁ፣ ወረቀቱ ግን ረጥቧል አለኝ። አዲስ አበባ ስልክ አስደወልን። ውሃውን የቀዳችው እናቴ ናት እንጂ ዝናብ አይደለም አልኩ። በዚያ ጫፍ ያለው ሰው በትዕግሥት ሰማኝ። መምህሩ የለካው ቢሆን እናርመው ነበር፤ ይህን ግን የለኩት ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ በእነሱ ላይ ደግሞ ሌላ ተቆጣጣሪ የለንም አለኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ምኑን እንዳመሰገንኩ ጠፋኝ።

ለእናታችን ስነግራት አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከቆርቆሮው ጋር ግን ተቀያየመች።

በሰኔ ዝናቡ መጣ፤ የሚያጠጣው ሳይኖር መጣና አልቆምም አለ። እናታችን ሰፊ የኮባ ቅጠል ቆርጣ ወጣች፤ አጥሩ ውስጥ ገብታ ቅጠሉን ቆርቆሮው ላይ ዘርግታ ቆመች። እሷ ትበሰብሳለች፣ ቆርቆሮው ተጠልሏል። እማዬ ግቢ ብላት፣ ዝም በል፣ ደግሞ ዘነበላቸው ሊሉን ነው? ባዶውን ይዩና ችግኛችንን ይስጡን አለች። መምህር ከፈለኝ መጥቶ፣ እማማ በየነች፣ ይህ እኮ የአገር መረጃ ነው ብሎ ለመናት። ያ የሚያዝያውስ የማን ነበር ብላ አፈጠጠችበት። ብልቃጡን አውጥቶ ባዶውን ለካ፣ ምንም አልዘነበም ብሎ መዘገበ፤ ከዚያ ጃንጥላውን በእሷ ላይ ዘርግቶ አብሯት ቆመ። ከዚያ ወዲህ በዘነበ ቁጥር ትወጣለች። ሳሉም የመጣው ከዚያ ነው።

እታለም፣ ችግኙ ግን ታድሎ አልቋል። የመጨረሻውን የጫነው መኪና ወደ ቴፒ ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆሜ አየሁት። ሾፌሩ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ምን ላድርግ፣ እኔም አወዛወዝኩለት። ለእሷ አልነገርኳትም። ቅጠል ይዛ የቆመችን እናት ምን ብዬ ልንገራት? እባክሽ መልስ ስትጽፊ የችግኙን ነገር እንዳታነሺ። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ነው የማነብላት፤ ዘልዬ ባነብ ደግሞ ከፊቴ ታውቅብኛለች። ሳሉ እንዲተዋት ብቻ ጸልዪልን።

ጋሼ ወልደጻድቅን በአክብሮት እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ማህደርን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ለትምህርቷ ትበርታ፣ ዝናብ ልለካ ካለች ግን አስቢበት። መምህር ከፈለኝም ሰላም ብሎሻል። የእናታችንን ሰላምታ ልጽፍልሽ፣ አሁንም ዝናቡ ላይ ናትና በመስኮት ብጠይቃት፣ አሁን እጄ አይመችም፣ አንተው ሳምኩሽ በልልኝ ብላለች።

ወንድምሽ ባዘዘው
ሸኮ፣ ሰኔ 21 ቀን 1995 ዓ.ም.