ያልተለቀመው ማሾ

ይህን የምትጽፈው እህትህ ናጅዋ ናት፤ የምናገረው ግን እኔ አባትህ ሷሊሕ ነኝና ቃሌን እንደ ቃሌ ተቀበል። ልጄ ኸድር፣ የአላህ ሰላም አዲስ አበባ ባለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ያ ሰው የማይናገርበት ፊልምህ፣ በሰው አገር የተሸለመው፣ ሮቢት አዳራሽ ታየ። አርባ ደቂቃ ሙሉ የእኔ እጅ ማሾ ሲለቅም! ለፊልሙ ብርሃን ብለህ በቀትር ስላስለቀምከኝ፣ ቅርፊቱ እየፈነዳ ፍሬው ሲረግፍ፣ ጎረቤታችን ሱሌይማን «ጋሼ ሷሊሕ፣ ማሾ በጠዋት ጤዛ እንደሚለቀም ረሱት?» ብሎ አሳቀብኝ። «ልጄ ያየውን አንተ አታይም» አልኩት። እኔም አላየሁትም፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

አሁን ደግሞ የአጣዬን መንገድ በእግርህ እየሄድክ በፊልም ልታነሳ ነው አሉ። መልካም። ሱሌይማን ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ጭኖ ወደዚያው ሄዶ፣ በሦስተኛው ቀን ያለ ጭነቱ በባዶ እግሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አይቀልድም። ሙቀቱ ይሆናል።

እኔ ግን የደረሰ ማሾ አራት መስመር ሳልለቅም ትቼልሃለሁ። ሰው «ሽማግሌው ሰነፈ» ይላል፤ ይበል። ሮቢት ውረድና በቀጥታ ወደ እርሻው ና። በቀትር እለቅመዋለሁ፤ ይርገፍ። አንድ ወርም ቢሆን አንሳኝ፣ አልሰለችህም።

እናትህ ትስምሃለች። ዱዓችን ከፊትህ ይቅደም።

ናጅዋ፣ እስቲ አንብቢልኝ። «አትሂድ» ብለሽ የጻፍሽበት ቦታ ካለ አጥፊው፤ እኔ አላልኩም። የከለከሉትን መሥራት ከእኔ ነው የወረሰው።