ጠሪው ሳይታይ

ሚስጥርዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

ደሴ ጭጋግ ውጧታል፤ የሐዋሳ ፀሐይ ናፈቀችኝ። ትናንት ለጥናታችን ቧንቧ ውሃ ሰፈር የእማማ ከይሪያን ጆሮ ልለካ ሄጄ ነበር። በእርጅና የደከመ ጆሮ የመርሳት ችግርን ያፋጥን እንደሆነ ነው የምናጠናው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ድምፅ የሰማ ሰው እጁን ያነሳል፤ እሳቸውን ግን ትከሻቸውን ስለሚያማቸው «ሲሰሙ አቤት ይበሉኝ» አልኳቸው።

ትንሽ ቆይተው በሹክሹክታ «እየጠራኝ ነው» አሉ። «ከይሪያ፣ ከይሪያ ይላል።»

መሣሪያውን ገና አልከፈትኩትም ነበር።

«ታዲያ ለምን አቤት አላሉም?»

«ወላሂ አልልም! ጠሪውን ሳላየው? አንቺም እንዳትይ ልጄ፤ አቤት ያለውን ይዞት ይሄዳል።»

ሳቅ አፈነኝ። «ጌታ ይጠብቀናል» ብያቸው ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ካረፍኩበት ቤት በር ላይ፣ አንቺ ብቻ በምትጠሪኝ ስም፣ በራስሽ ድምፅ «አቢጊ!» ተባልኩ። በደስታ «አቤት!» ብዬ ሮጬ ወጣሁ። ከጭጋጉ በቀር ማንም አልነበረም።

ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ። ይህ ፖስት ካርድ ሲደርስሽ ደውይልኝና «ደሴ መጥቼ ነበር» በይኝ፤ ውሸትሽንም ቢሆን።

አቢጌል