የአባባ የጋዜጣ ፊደላት

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታሰው፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር ጠላት የለንም።

አባባ ጋዜጣው ላይ የሚወጡትን የተዘበራረቁ ፊደላት ቃል የሚያደርጉት አሁን ወረቀቱን ሳያዩ ነው። እኔ ፊደላቱን እጠራለሁ፣ እሳቸው በጭንቅላታቸው ያሰካኳቸዋል። ትናንት ፀጉር ቤት “ር፣ ኮ፣ አ፣ በ፣ ን” ብዬ ሳልጨርስ “አንኮበር!” አሉ። ግማሽ ፂሙን የተላጨው ሰውዬ ሳይቀር ተነሥቶ አጨበጨበላቸው።

“አባባ፣ ለምን ራስዎ አያነቡትም?” ብላቸው፣ “ማተሚያ ቤቱ ቀለም ሰስቶ እኮ ነው! ይኸው፣ እይው!” ብለው ጋዜጣውን ዘቅዝቀው አሳዩኝ። እኔም አብሬያቸው ማተሚያ ቤቱን ረገምኩ።

ጌትዬ፣ ለከርሞ ያልከውን መምጣት ለዘንድሮ ፋሲካ አድርገው። መልክህን ጠግበው ይዩት።

በናፍቆት የምትስምህ እህትህ ምሥራቅ