በጓንቱ ሥር ያለችው ጣት

በጌታ ዓመት አንድ ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ አንድ፣ በኅዳር ወር በስድስተኛው ቀን፣ በኢጣሊያ አገር በክሬሞና ከተማ።

እኔ የሐር ነጋዴው የበርቶሎሜዮ ልጅ ኦርቴንሲያ፣ ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው። ሳንባዬ ታሟል፤ ይህን ኑዛዜ የምሰጠው ግን በጤነኛ አእምሮ ነው። የሚጠራጠር ካለ በላቲን ይጠይቀኝ።

ሥጋዬ ከእናቴ አጠገብ ይቀበር። ሌሎቹ ምግቤን ደጃፌ ላይ ጥለው ሲሄዱ ይዛልኝ ትገባ ለነበረችው ለገረዴ ለቶንያ፣ አልጋዬንና የክረምት ካባዬን ሰጥቻለሁ።

በእህቴ በቼቺሊያ አዳራሽ የተሰቀለው ሥዕል ንብረቴ አይደለም፤ ላወርሰው አልችልም። ፊቱ ግን የእኔ ነው። ለማርሲሊዮ በታጨሁ ጊዜ አባቴ አሣለኝ። ሥዕሉ ባለቀ በወሩ ፈንጣጣ ያዘኝ። ማርሲሊዮ ፊቴን አይቶ ተመለሰ፤ እህቴን አገባ። ሥዕሉንም ወሰዱት፤ እንግዳ ሲጠይቅ «ቼቺሊያ ናት» ይላሉ። በልጅነቴ በር የሰበራት የግራ እጄ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት፤ በሥዕሉም ጠማማ ነበረች። በዚያች እጅ ላይ ጓንት አስቀቡባት።

ከኑዛዜዬ ምስክሮች አንዱ ሠዓሊ አንሶቪኖ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

«ጓንቱን የቀባሁት እኔው ነኝ፣ እመቤቴ።»

«ታዲያ ጣቴ ለዘላለም ተሸፍና ቀረች?» አልኳቸው።

«አልቀረችም። ጓንቱን የቀባሁት ሥዕሉን በሚሸፍነው በደረቀው አንጸባራቂ ልባስ፣ በቫርኒሹ ላይ ነው፤ ከሥዕሉ ጋር አልተዋሐደም። ቀስ ተብሎ ቢጠረግ ይለቃል።»

ሌላው ምስክር አባ ዜኖ «ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ አፍዎንም ጓንት አልብሰውት ኖሯል?» አሏቸው። ሳል እስኪያቋርጠኝ ሳቅሁ። ይህም ይጻፍ ብያለሁ።

ስለዚህ መጻሕፍቴን በሙሉ ለቼቺሊያ ልጅ ለፋውስቲና አውርሻለሁ። ሁለት ዓመቷ ነው፤ አይታኝ አታውቅም። ይህን ኑዛዜ ማንም አያንብብላት፤ ፊደል ስትለይ ራሷ ታንብበው። ከዚያ ጓንቱን ትጥረገው ወይም ትተወው፤ ምርጫው የእሷ ነው።

ቼቺሊያ፣ አልረገምሁሽም። ደጄን ግን አንድ ቀን እንኳ አላንኳኳሽም። በልጅነታችን የተበጠርንበትን ማበጠሪያ መልሼልሻለሁ፤ ፀጉርሽ አሁንም አለበት።

ምስክሮች፦ አባ ዜኖ፤ ዳቦ ጋጋሪው ብራንካ፤ ሠዓሊ አንሶቪኖ፤ እርሳቸውም «በሥዕሉ ያለችው ኦርቴንሲያ ናት፤ የሣልኋት እኔ ነኝ» ብለው በእጃቸው ጽፈው ጨምረዋል።

ኑዛዜዬን የጻፉት ውል ጸሐፊ «በቀኝ እጅሽ ፈርሚ» አሉኝ። በግራዬ ፈረምሁ፤ ጠማማዋን ጣቴንም ቀለም ነክሬ ከስሜ አጠገብ አተምኋት።