አባ ያን እንጨት ላይ ሲቀመጡ

መጋቢት 2
ገበያ ዋልኩ። አካራዬ፣ የባቄላ ጥብሴ፣ ከዘይቱ ሳይወጣ አለቀ። ጣፍጦ ነው? ወሬ ሊለቅሙ ነው የመጡት። አዲሱ ነጭ ቄስ፣ አባ ያን፣ የጌሌዴ ጭፈራ ጭንብሎቻችንን ቤተ ክርስቲያን ደጅ በሚነደው የፋሲካ ዋዜማ እሳት ላቃጥል ብለዋል አሉ። ጭንብሎቹ ያሉት እኔ ጓሮ፣ ቁልፉ እኔ ወገብ ላይ። እስቲ ይምጡ...
(ፊደል ያስተማረችኝ የሚስዮኗ መነኩሲት ናት። በእሷ ፊደል እነሱን ማማት ደስ ሲል።)

መጋቢት 4
መጡ። በብስክሌት፣ ላብ በጢማቸው እየወረደ።
"እማማ አቤኒ፣ ጣዖቶቹን ያስረክቡኝ።"
"ጣዖት የለኝም አባ። ራስ ላይ ተደርጎ የሚጨፈርበት እንጨት ነው።"
"ለማን ነው የሚጨፈረው?"
"ለእኛ ለአሮጊቶቹ። እንድንስቅ። አሮጊት ካኮረፈች አገር አያድርም።"
አልሳቁም። "ጭንብሎቹ ካልነደዱ ፎላኬን በቤተ ክርስቲያን አላጋባም።"
እዚህ ላይ ያዙኝ። ፎላኬ የልጄ ልጅ፣ በጀርባዬ ያሳደግኳት። የሠርግ ቀሚሷን ሰፍታ ጨርሳለች። እራት አልበላም አለች።
"አያቴ፣ እንጨት እኮ ነው።"
ያንቺስ ቀሚስ ጨርቅ አይደል? ልላት ነበር... ዋጥኩት።

መጋቢት 5
የእናቴ፣ የእናቷም ጭንብሎች። አመድ ይሁኑ? ልጅቷስ ሳትዳር ትቅር?
ኦጉንዴሌ ጠራቢው ዘንድ ሄድኩ። "አባ ያንን ጥረብልኝ፣ ጭንብል አናት ላይ።"
"ከነብስክሌታቸው?" አለ። ሰው ማለት ይሄ ነው። ለምን አይልም።

መጋቢት 13
ወሬው ደረሳቸው። እየበገኑ ኦጉንዴሌ ደጅ ከች አሉ። እኔም እንዳጋጣሚ እዚያው ነበርኩ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ የኮላ ፍሬ እያኘክሁ።
ጭንብሉን አነሱት። አናቱ ላይ ትንሽዬ አባ ያን ብስክሌት ይነዳል። ወደ ብርሃን አዙረው አፍንጫውን በጣታቸው ለኩ።
"አፍንጫዬ ይህን ያህላል?"
"ይበልጣል አባ፤ እንጨቱ አልበቃኝም" አለ ኦጉንዴሌ።
"የብስክሌቱን ካቴናም ተሳስተሃል። በቀኝ በኩል ነው።"
"ታዲያ ይቀመጡና በደንብ ልይዎት።"
ተቀመጡ። ኮላዬን ሳላኝክ ዋጥኩት።

መጋቢት 16
ዛሬም ተቀምጠዋል። ጢማቸውን አበጥረው።

መጋቢት 21
ሁለተኛውን ሲጀምር አዩት። "ለምን ሁለት?"
"ጭንብል ጥንድ ጥንድ ነው የሚጨፍረው" አልኩ።
"ሁለት እኔ?"
"አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይቆጣዋል። መቆጣት ይወዱ የለ?"
ሳቁ። ጥርሳቸው ደህና ነው ለካ።
ግን ስለ እሳቱ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩ። ፈራሁ መሰለኝ...

ሚያዝያ 8
የፋሲካ ዋዜማ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማገዶው ተከምሯል። ረፋዱ ላይ መጡ፣ መንደሩ በሙሉ ከኋላቸው። ፎላኬ ከንፈሯን እየነከሰች።
የጓሮውን ቤት ራሴ ከፈትኩ። ሁለቱን አባ ያን ከፊት ደርድሬያቸዋለሁ፣ ገና ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ።
"ይውሰዱ አባ። ከፊት ካሉት ይጀምሩ።"
እጃቸውን ዘረጉ። እንጨቱ ላይ ያለውን የራሳቸውን ጢም ነኩ። ከኋላ አንዷ ሳቋን አፈነች።
"ማገዶው ይበቃል" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ለእሳቱ... ይበቃል።"
"ሠርጉስ?"
"የሚመጣው ቅዳሜ።"
እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ።

ሚያዝያ 15
ፎላኬ ተዳረች። ጠዋት በላቲን፣ ከሰዓት በከበሮ።
ሁለቱ አባ ያን ሜዳው መሀል ወጡ። ላብ ይጠርጋሉ፣ ይቆጣሉ፣ ከብስክሌት ይወድቃሉ። እኛ አሮጊቶቹ ሆዳችንን ይዘን። እውነተኛው አባ ያን ወንበር ላይ ቀጥ ብለዋል። ጭንብል የቀለደበት ሰው አይቆጣም፣ ደንቡ ነው። እሳቸው ግን ደንቡን ያውቃሉ?
ያኔ ፎላኬ ተነሳች። ያቺ "እንጨት እኮ ነው" ባይዋ። እንደ እናቶቿ ጨፋሪውን በሻሽ ልትሸልም... ዓይነ ርግቧን ከራሷ አውልቃ በጭንብሉ ብስክሌት ላይ ጣል። የተባረከውን ዓይነ ርግብ።
አባ ያን ብድግ አሉ። ከበሮው ቆመ።
"አንቺ ልጅ" አሉ፣ "ከፍ አድርገሽ እሰሪው እንጂ። ጎማው ይጠልፈዋል።"