ውሃ ያልተባለው ጠበል

ውድ ስንቄ፣ ከሞጣ ሰላም ብዬሻለሁ። ካርዱ ጠባብ፣ እጄም ቀርፋፋ ነው። የገጠሩን ውሃና ሽንት ቤት ካርታ ላይ ከሚያሰፍሩት ልጆች ጋር ነኝ። እነሱ ቦታውን በስልካቸው ይይዛሉ፣ እኔ ሴቶቹን አነጋግራለሁ።

ዛሬ አንድ መንደር ገብተን «ውሃችሁን አሳዩን» ስንል ወደ ቦኖው ብቻ ወሰዱን። ጀሪካን ያዘሉ ልጃገረዶች ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሲወጡ አየሁ። «እዚያስ?» ብል እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ መነኩሲት ተቆጡ።

«እሱ ጠበል ነው። ጠበል ውሃ ነው እንዴ፣ ልትቆጥሪው?»

«ጠበሉን አልጠረጠርኩም፣ እማሆይ። ከበላዩ የተቆፈረውን የአብነት ተማሪዎቹን ሽንት ቤት ነው እንጂ።»

«የቆሎ ተማሪ ደግሞ ምን በልቶ?» አለች አንዷ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ያኔ የብሩክታይቴን ነገር አነሳሁ። ልጄ አተት ይዟት የሞተችው ማንም ያልመረመረውን የሰፈራችንን ምንጭ ጠጥታ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። እማሆይ መቋሚያቸውን አነሱና «ተከተሉኝ» ብለው ራሳቸው ወደ ጠበሉ መሩን።

ቢቸና ቤቴ ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ አሟሟቷን በእኔ ፈንታ አንቺ ታወሪልኝ ነበር። እዚህ በየመንደሩ የማወራው እኔው ነኝ። ካልተናገርኩ መንገዱን አያሳዩንም፤ በተናገርኩ ቁጥር ደግሞ እንደ አዲስ እቀብራታለሁ። ደክሞኛል፣ ስንቄ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ለባለቤትሽ ለአንዷለምም ሰላምታዬን አድርሺ። ስመለስ ስለ መንገዴ አትጠይቂኝ። አንቺ የገበያውን ወሬ፣ የበጉንና የጤፉን ዋጋ አውሪልኝ፤ እኔ ዝም ብዬ ልስማሽ።

ጓደኛሽ ምስራቅ