ሎጋን ማን ጠየቃት?

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ጠዋት ጠዋት የሚይዝህ ወገብህስ ለቀቀህ፣ ወይስ አሁንም ካልሲህን የምታለብስህ እትዬ ናት? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ትንሹ ጉድ ያን ጥርሱን ነቀለው ወይስ ገና እየነቀነቀው ነው? እኔ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት እምቢ ካለኝ ዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ሎጋ እንዲህ ያለች የመረብ ኳስ ተጫዋች ትወጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። ቁመቷን ከእኔ፣ ጉልበቷን ከእናቷ ነው የወሰደችው፤ ካንተ የወሰደችው እልህ ብቻ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ሌላ ከተማ ያለ ክለብ «ትምጣና እኛ ዘንድ እየኖረች ትሰልጥን» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። መልሱን እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚፈልጉም ጽፈሃል። «አንቺ ከስፖርተኞች ጋር ነው የምትውዪው፤ ትሂድ ወይስ ትቅር? አንድ ቃል ንገሪኝ» ብለሃል። እኔ የምውለው ከተቀደደ ቁምጣቸው ጋር ነው። ቢሆንም ነገር ማነፍነፍ እንደምወድ ታውቃለህ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስጠይቅ ሰነበትኩ።

የስፌት ክፍሌ ከጂምናዚየሙ ሥር ነው። ማልያ ላይ ቁጥር እሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ልጅ ክለብ ሲለቅ ደግሞ ቁጥሩን ተርትሬ ማልያውን ለሚቀጥለው አዘጋጃለሁ። እዚህ ልጆቹ «ፊሽካ» የሚሏት አሰልጣኝ አለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል፣ ድምጿ ግን ከስሟ አያንስም። አንድ ልጅ ትልቅ ውሳኔ ሲመጣበት «ውረድና ቁጥር በመተርተር አግዛት» ብላ ወደ እኔ ትልከዋለች። ሥራ አቀለለችልኝ ብዬ ሳመሰግናት ኖሬያለሁ። አሁን ግን ያንተ ጥያቄ ውስጤን ሲበላኝ «ለምንድን ነው እኔ ጋ የምትልኪያቸው?» አልኳት። «ሕንፃው ውስጥ ኳስ የሌለበት ክፍል ያንቺ ብቻ ነው» አለችኝ። «ደግሞም እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።»

ሐሙስ ዕለት አንዲት የሎጋ እኩያ ከአባቷ ጋር መጣች። እሷንም ሩቅ ያለ ክለብ ጠርቷታል። ደክሞሻል ወይ ስላት አባቷ «ኧረ አልደከማትም» ይላል፤ መሄድ ትፈልጊያለሽ ስላት አባቷ «ሌት ተቀን ምኞቷ ነው» ይላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ ቦርሳዋን የሚሸከምላት ራሱ ነው፣ ሲያያት ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ፊሽካ ወርዳ «ይምጡ እስቲ፣ መረቡን አብረን እንወጥር» ብላ ወሰደችው።

ልጅቷ መተርተሪያውን ይዛ አሥራ አንድ ቁጥርን ስትፈታ ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፍሽ አላለችም። እኔም ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ምን ያህል እንደከበደኝ አንተ ታውቃለህ። በኋላ ቀና ሳትል «ጉልበቴን ብጎዳ ያስታምሙኛል ወይስ ይመልሱኛል?» አለች። ቀጥላ ትምህርቷን በስንት ሰዓት እንደምትማር ጠየቀች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ብመለስስ አባዬ ያፍርብኛል?» አለች። ለካ መሄዱን አልጠላችውም፤ መመለሻው ነው የጨነቃት።

ፊሽካ ስትወርድ ልጅቷ ጥያቄዎቿን ደገመችላት። ፊሽካም ሁሉንም ወረቀት ላይ ጽፋ ወደ ክለቡ ደወለች፤ የመጨረሻዋን ጥያቄ ለአባትየው ሰጠችው። ሰውየው ወረቀቷን ይዞ መረቡ ሥር ቁጭ ብሎ ቀረ። ልጅቷ የክለቡንም የአባቷንም መልስ ሰምታ፣ ፈተናዋን ከጨረሰች በኋላ ልትሄድ ወሰነች። ባለፈው ዓመት ደግሞ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ «አልሄድም» ያለ ልጅ ነበር፤ ዛሬም እዚህ ይጫወታል፣ ዛሬም ቁምጣውን ይቀድዳል። ስለዚህ ትሂድም ትቅርም ልልህ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤህን እንደገና አወጣሁት። ሦስት ገጽ ነው። የሎጋ አሰልጣኝ ያለው አለ፣ ርዕሰ መምህሩ ያለው አለ፣ እትዬ ያለችው አለ፣ ጎረቤት እንኳ አልቀረም። «ሎጋ እንዲህ አለች» የሚል መስመር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ የስፖርት አስተማሪው ለከፍታ ዝላይ ስልጠና ሊወስደኝ ቤት የመጣ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ልጅቷስ ምን ትላለች?» ብሎ ጠየቀ። አንተ «እሷ ትምህርቷን ነው የምትፈልገው» አልክ። ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ከበሩ ኋላ ቆሜ፣ አሁን ይጠሩኛል ብዬ ቀሚሴን እያስተካከልኩ ነበር። ማንም አልጠራኝም። ቂም አልያዝኩብህም። ምናልባት ብጠየቅም አንተ ያልከውን ራሱን እል ነበር ይሆናል። ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ምን እመልስ እንደነበር አለማወቄ ነው።

ከዚህ ጋር አሮጌ ማልያና መተርተሪያ ልኬልሃለሁ። ቁጥሩ ሰባት ነው፤ አጥብቄ ስለሰፋሁት ቶሎ አይፈታም። ሎጋን አጠገብህ አስቀምጣትና አብራችሁ ተርትሩ። አንዴ ጠይቃትና አፍህን ዝጋ። ክሩ አልቆም ዝም ካለች ሌላ ማልያ ሞልቶኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። እትዬን ሰላም በልልኝ፤ ካልሲህን ራስህ እንድትለብስ ፈርጄብሃለሁ በላት። የትንሹ ጉድ አዲስ ጥርስ ሲወጣ ፎቶውን እጠብቃለሁ። ሎጋን ግጥም አድርገህ ሳምልኝና አክስትሽ ምክር አልላከችም በላት። መልሱን ስትጽፉልኝ ደግሞ፣ ወንድም ጋሼ፣ ብዕሩን ለእሷ ስጣት።

እህትህ
ከጂምናዚየሙ ሥር፣ ከስፌት ክፍሌ
መጋቢት 6 ቀን